ስለ ትንሹ ጎልፍ ታሪክና ስለ አርቦሬ ሜዳ

የሰው ልጅ በሥራው ላይ ሳለ አለቃው፣ ደመወዙና ግዴታው ይገዙታል፤ ሲጫወት ግን የሚገዛው የገዛ ፈቃዱ ብቻ ነው። ስለዚህ የአንድን ሕዝብ ጠባይ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው፣ ሕዝቡ የሚሠራውን ብቻ ሳይሆን የሚጫወተውንም፣ ይልቁንም ማን ከማን ጋራ እንደሚጫወት ማየት ይገባዋል። በዚህ ጽሑፍ ልንናገርለት ያሰብነው ትንሹ ጎልፍ፣ ወይም ብዙዎች እንደሚጠሩት ሚኒ ጎልፍ፣ ከጨዋታዎች ሁሉ ተራ መስሎ የሚታይ ነው። አንዲት አጭር ዱላ፣ አንዲት ትንሽ ኳስ፣ ከጥቂት ርምጃ በኋላ የምትገኝ አንዲት ጉድጓድ፤ በመካከል ደግሞ ኳሲቱን የሚያስቸግር ጠርዝ፣ ድልድይ ወይም ጉብታ፤ ነገሩ ሁሉ ይኸው ነው። ዳሩ ግን ታሪኩ ሲመረመር፣ ከትልቁ ሜዳ ውጭ የቀሩ ሰዎች ትንሽ ሜዳ ያገኙበት ታሪክ ሆኖ እናገኘዋለን።

ወደዚህ ምርመራ ያስገባን የመሥሪያ ቤት ጉዳይ ነው። እኛ በደቡብ ኦሞ፣ በጂንካ ከተማ፣ በአንድ መሥሪያ ቤት ተቀምጠን ደብዳቤ የምንመራና አስተያየት የምንጽፍ ሰዎች ነን። ከጥቂት ጊዜ በፊት አንድ ባልደረባችን፣ በአርቦሬ ከመኪናው መንገድ አጠገብ ያለው ገላጣ መሬት በሽቦ ታጥሮ፣ ለሚያልፉት ጎብኚዎች ማረፊያና ትንሽ የጎልፍ ሜዳ ቢሠራበት ገቢ ያስገኛል የሚል ሐሳብ በጽሑፍ አቀረበ። በስብሰባው የነበሩት ሳቁ፤ እኛም ከሳቁት መካከል ነበርን። ስብሰባውን የሚመሩት አለቃችን ግን፣ «ከመሳቅ በፊት ማወቅ ይቀድማል» ብለው፣ የጨዋታውን ምንነትና የቦታውን ሁኔታ አጥንተን አስተያየታችንን እንድናቀርብ አዘዙን። ከዚህ ቀጥሎ የሚነበበው፣ ለዚያ አስተያየት ከሰበሰብነው ውስጥ ለአንባቢ ይጠቅማል ያልነው ነው።

አስቀድሞ ስለ ቦታው ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ከጂንካ ተነሥቶ በቀይ አፈር በኩል ወደ ወይጦ የወረደ መንገደኛ፣ ከዚያ ወደ ደቡብ ቢታጠፍ፣ ደጋው እየራቀ፣ ግራሩ እየበዛ፣ ሙቀቱም እየጨመረ ሄዶ አርቦሬ ይደርሳል። አገሩ የወይጦ ወንዝ ወደ ጨው ባሕር የሚወርድበት ሸለቆ ነው። ይህን ጨው ባሕር፣ እ.ኤ.አ. በ1888 በዚያ ያለፉት ካውንት ቴሌኪና ጓደኛቸው ፎን ሆነል በኦስትሪያ ልዕልት ስም «ስቴፋኒ» ብለውት ስለ ነበር፣ በቀድሞዎቹ ካርታዎች ላይ ይኸው ስም ይገኛል። አርቦሬዎች ወንዙ ሞልቶ ሲመለስ በሚተወው እርጥብ መሬት ላይ ማሽላ የሚዘሩ፣ ከብትና ፍየል የሚያረቡ ሕዝብ ናቸው። በዙሪያቸው ሐመር፣ ፀማይ፣ ኮንሶና ቦረና ይገኛሉ። የሸለቆው ሜዳ ለተመልካች ባዶ መስሎ ቢታይም፣ የከብት መንገድ፣ የውሃ መንገድና የጎረቤት መገናኛ ስለ ሆነ፣ በውነቱ ባዶ አይደለም።

አሁን ወደ ጨዋታው ታሪክ እንለፍ። የጎልፍ አገር ስኮትላንድ እንደ ሆነች ይታወቃል። በዚያ አገር እ.ኤ.አ. በ1457 የወጣ አዋጅ፣ ሕዝቡ ቀስት መወርወር መማሩን ትቶ በጎልፍና በእግር ኳስ ስለ ተጠመደ፣ ሁለቱም ጨዋታዎች እንዲቀሩ ያዝዝ ነበር። አዋጁ ግን ጨዋታውን ሊያስቀረው አልቻለም። ሴንት አንድሩስ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ያለው ሜዳ እ.ኤ.አ. በ1764 የጉድጓዱ ቍጥር ወደ 18 ተወሰነ፤ ይኸው ቍጥር በኋላ ለዓለም ሁሉ መለኪያ ሆኖ ቀረ። እንዲህ ያለ ሙሉ ሜዳ ብዙውን ጊዜ ከ50 ሄክታር በላይ ይወስዳል፤ በቀድሞው የአገራችን አለካክ ብንገምተው ከአንድ ጋሻ መሬት ይበልጣል ማለት ነው። በዚህ ሁሉ መሬት ላይ ሣር ማሳደግ፣ ሣሩን ማጨድና ውሃ ማጠጣት፣ ዱላ ተሸካሚም መቅጠር ያስፈልጋል። ስለዚህ ትልቁ ጎልፍ ሰፊ መሬት፣ ብዙ ገንዘብና ረጅም ጊዜ ያላቸው ሰዎች ጨዋታ ወደ መሆን አዘነበለ።

በዚያችው በሴንት አንድሩስ ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ1867 ሴቶች የራሳቸውን የጎልፍ ማኅበር አቋቋሙ። በዘመኑ ልማድ አንዲት ጨዋ ሴት ዱላ ከትከሻዋ በላይ አንሥታ ብትመታ ነውር ይቈጠርባት ነበር። ዱላ ካልተነሣ ኳስ ሩቅ አይሄድም፤ ሩቅ የማይሄድ ኳስም ትልቁን ሜዳ አይሻገርም። ስለዚህ ለሴቶቹ ኳሱን በቀስታ እየገፉ ወደ ጉድጓድ የሚያስገቡበት ወጣ ገባ የበዛበት ትንሽ ቦታ ተበጀላቸው። ጉብታው ብዙ ስለ ነበር ቦታው «ሂማላያ» ተባለ፤ እስካሁንም በዚሁ ስም ይጠራል። ዛሬ የሴቶቹ ማኅበር ሜዳውን እያስተዳደረ፣ ጥቂት ገንዘብ ለሚከፍል እንግዳ ሁሉ ይከፍተዋል። እንግዲህ ተመልከቱ፤ ሴቶቹን ከትልቁ ጨዋታ ለማራቅ የተሰጠው ጠባብ ቦታ፣ በኋላ ወንድና ሴት፣ ሽማግሌና ልጅ ሳይለይ የሚገባበት ሆነ። የትንሹ ጎልፍ መጀመሪያ እዚህ ላይ ነው ብንል ብዙ የምንስት አይመስለንም።

ከዚህ በኋላ ነገሩ ወደ አሜሪካ ተሻገረ። በሰሜን ካሮላይና፣ ፓይንኸርስት በሚባል ቦታ፣ ጄምስ ባርበር የተባሉ የመርከብ ባለሀብት፣ በ1910ዎቹ ዓመታት መጨረሻ ላይ በመኖሪያቸው ግቢ የአትክልት ቦታ የሚመስል ትንሽ ሜዳ አሠርተው «ይበቃል» የሚል ትርጉም ያለው ስም አወጡለት። ቃሉ ቀልድ ቢመስልም የጨዋታው ምሥጢር በውስጡ አለ፤ ሰው ለመደሰት ሰፊ መሬት እንደማያስፈልገው ይናገራልና። ነገር ግን ትንሽም ቢሆን ሣር ሣር ነው፤ ውሃና ጠባቂ ይፈልጋል። ይህን ችግር ያቃለለው ቶማስ ፌርቤርን የተባለ ሰው ነው። እርሱ በሜክሲኮ የጥጥ እርሻ ነበረው፤ መሬቱም ለሣር የማይመች ነበር። በ1920ዎቹ መጀመሪያ የጥጥ ፍሬ ገለባ ፈጭቶ፣ ከአሸዋ፣ ከዘይትና ከአረንጓዴ ቀለም ጋራ ለውሶ መሬት ላይ ቢደለድለው፣ ኳስ ሳይነጥር በእኩልነት የሚንከባለልበት ወለል ሆኖ አገኘው። ጥጥ በእኛም በወይጦ ሸለቆ ይመረት እንደ ነበር ስናስታውስ፣ ከጥጥ ገለባ የሜዳ ወለል መሥራት የሚለው ነገር እምብዛም ሩቅ ሆኖ አልታየንም።

ጨዋታውን ወደ ሕዝብ ያወጣው ግን ጋርኔት ካርተር ነው። ይህ ሰው ከቻታኑጋ ከተማ በላይ ባለው በሉክአውት ተራራ ላይ ሆቴል ነበረው። በ1920ዎቹ አጋማሽ ላይ ለእንግዶቹ መዝናኛ እንዲሆን ባለ ጉድጓዱ ቧንቧ፣ ውስጡ ክፍት የሆነ ግንድና ልዩ ልዩ መሰናክል ያለበት ትንሽ የጎልፍ ሜዳ አሠራ። ባለቤቱ ፍሪዳ ደግሞ የተረት ምስሎችን እያቆመች አስጌጠችው። እንግዶቹ ከትልቁ ይልቅ ትንሹን ወደዱት። ካርተርም ነገሩን «ቶም ታምብ ጎልፍ» ብሎ፣ ማለት በእንግሊዞች ተረት ውስጥ ቁመቱ አውራ ጣት በምታህለው ልጅ ስም ሰይሞ፣ ዕቃውን በፋብሪካ እያሠራ ለሌሎች ይሸጥ ጀመር።

ከዚህ ቀጥሎ የመጣው ጊዜ በጨዋታ ታሪክ ውስጥ ተመሳሳይ የሌለው ነው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1929 የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ወደቀ፤ ፋብሪካ ተዘጋ፤ ሠራተኛም ከሥራው ተባረረ። በማግስቱ ዓመት፣ በ1930፣ በዚያ አገር የትንሹ ጎልፍ ሜዳ ቍጥር ወደ 25,000 እንደ ደረሰ ተገምቷል። በኒው ዮርክ ከተማ መሬት ውድ ስለ ነበር በሕንፃ ጣሪያ ላይ ሳይቀር ይሠራ ነበር። አንባቢ እዚህ ላይ መጠየቁ አይቀርም፦ ሰው እንጀራው በጎደለበት ዓመት ስለ ምን ኳስ ወደ ጉድጓድ ማግባት አማረው? መልሱ ሩቅ አይደለም። ቲያትርና የባሕር ዳር ሽርሽር ብዙ ገንዘብ ሲጠይቁ፣ ይህኛው በጥቂት ሳንቲም ባልና ሚስትን፣ ልጅንም ጭምር አንድ ምሽት ያስመሽ ነበር። ቀን ሥራ ሲፈልግ የዋለው ሰው ማታ መብራት በበራበት ሜዳ ላይ ከቤተሰቡ ጋራ ይውላል፤ ለአንድ ሰዓትም ቢሆን ያሰበው ነገር ይሳካለታል። ትልቅ ነገር ሁሉ በፈረሰበት ዘመን ትንሽ ነገር ማሳካት ለሰው ልብ መጠገኛ ነው።

ይሁንና ነገሩ አልዘለቀም። ገንዘብ ያየ ሁሉ ባዶ ቦታ እየፈለገ ሜዳ ሠራ፤ በአንድ መንገድ ላይ ሁለትና ሦስት ሆነው ተቀራረቡ፤ የሰፈሩ ሰው በሌሊቱ ጫጫታ አማረረ፤ አንዳንድ ከተማዎችም የመዝጊያ ሰዓት ወሰኑ። ከጥቂት ዓመት በኋላ አብዛኞቹ ፈርሰው ቦታቸው ለሌላ ሥራ ዋለ። ከዚህ የምንማረው፣ ጨዋታው ከሰው ፍላጎት ይልቅ በትርፍ ጉጉት ሲመራ ዕድሜው አጭር መሆኑን ነው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ትንሹ ጎልፍ እንደ ገና ተነሣ። እ.ኤ.አ. በ1954 ሁለት ሰዎች በሁለት አገር አዲስ መንገድ ከፈቱለት። በአሜሪካ ዶን ክሌይተን የተባለ ሰው በፌየትቪል ከተማ ጌጡንና ማታለያውን ሁሉ አስወግዶ፣ የእጅ ጥበብ ብቻ የሚለካበት ሜዳ ሠራ። በስዊዘርላንድ ደግሞ ፖል ቦንኚ የተባለው ሰው መስመሮቹ በልክ የተወሰኑበትን ሜዳ በአስኮና ከተማ አስከፈተ፤ እያንዳንዱ የሲሚንቶ መስመር 12 ሜትር ርዝመትና 1 ሜትር ከ25 ሳንቲ ሜትር ስፋት ነበረው። ልኩ አንድ በመሆኑ፣ በአንዱ ከተማ የተጫወተ ሰው በሌላው ከተማ ካለው ጋራ ሊወዳደር ቻለ፤ ጨዋታውም በአውሮፓ የራሱ ማኅበርና የራሱ ውድድር ያለው ስፖርት ሆነ።

በዚህ ስፖርት ሕግ ውስጥ እኛን ያስደሰተን አንድ አንቀጽ አለ። አንድ ተጫዋች በአንድ ጉድጓድ ላይ ስድስት ጊዜ መትቶ ማስገባት ካልቻለ፣ ሰባት ተጽፎበት ወደሚቀጥለው ያልፋል። ከዚያ በላይ አይቈጠርበትም፤ ወደ ኋላ ተመልሶም አይጠየቅም። የዚህ ጨዋታ ደስታ ከምን እንደሚመጣ ያን ጊዜ የተረዳን መሰለን። በሌላ ጨዋታ የተሸነፈ ሰው እስከ መጨረሻው ሽንፈቱን ተሸክሞ ይዘልቃል፤ እዚህ ግን በየጥቂት ርምጃው አዲስ ጉድጓድ፣ አዲስ ተስፋ ይጠብቀዋል። ደግሞም ጕልበት አይጠይቅም፤ አያት ከልጅ ልጁ እኩል ይቆማል፤ አንዳንድ ጊዜም የልጅ ልጁ ያሸንፈዋል። ከሁሉ በላይ ግን ተራ አለው፤ አንዱ ሲመታ ሌሎቹ ቆመው ይጠብቃሉ፤ ቆመው ሲጠብቁም ይጨዋወታሉ። ሰዎች ቤታቸውን ትተው ወደ እንዲህ ያለ ሜዳ የሚወጡት ለኳሱ ብቻ ሳይሆን ለዚህ ጨዋታ መሐል ለሚገኘው ወግ ጭምር ነው።

አሁን ደግሞ ወደ አገራችን እንመለስ። ትልቁ ጎልፍ በኢትዮጵያ በአጥር ውስጥ የቆየ ነው። ለምሳሌ በአዲስ አበባ የእንግሊዝ ኤምባሲ፣ ዳግማዊ ምኒልክ በሰጡት ሰፊ ግቢ ውስጥ ባለ 9 ጉድጓድ የጎልፍ ሜዳ ነበረው። የውጭ አገር ሰዎች ለራሳቸው የሠሩት ስለ ሆነ በዚህ የሚነቀፉበት ነገር የለም። ብቻ የከተማው ሕዝብ ጎልፍ የሚባለውን ነገር ያወቀው ባብዛኛው ከአጥር ውጭ ሆኖ ነው።

እኛ ግን ዱላና ኳስ ከውጭ እስኪመጡልን አልጠበቅንም። የገና ጨዋታ በዱላና ሩር በምትባል ኳስ የሚደረግ ነው፤ ሜዳውም አጥርና የተወሰነ ልክ አልነበረውም። በገና ቀን ጌታና ሎሌ በአንድ ሜዳ ላይ ሲጋፉ፣ ጌታው እንዳይቈጣ ልማድ ያስገድደው እንደ ነበር ሁላችን ከአባቶቻችን ሰምተናል። በዓመት አንድ ቀን ደረጃ የሚረሳበት ሜዳ ነበር ማለት ነው። የጉድጓድ ጨዋታም እንግዳችን አይደለም። ገበጣ በእንጨት ላይ ተፈልፍሎ፣ በድንጋይ ላይ ተቀርጾ፣ ያም ባይገኝ በአፈር ላይ በእጅ ተጭሮ ይጫወቱታል። በአክሱም ዘመን ከነበሩ ቦታዎች፣ ከየሐና ከመጠራ፣ በድንጋይ ላይ የተቀረጹ የገበጣ ጉድጓዶች ተገኝተዋል። ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 «ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር» በተባለው መጽሔት ላይ ባወጡት ጥናት፣ በኢትዮጵያና በአፍሪካ ቀንድ ከመቶ የሚበልጡ የገበጣ ዓይነቶችን ዘርዝረዋል። በርግጥ ገበጣ ጎልፍ አይደለም፤ በአንደኛው ጠጠር ይቈጠራል፣ በሁለተኛው ኳስ ይገፋል። ነገር ግን ጥቂት ጉድጓድ በመሬት ላይ ቢበጅ ሰውን ሰብስቦ ለማዋል እንደሚበቃ አገራችን ከጥንት ጀምሮ ታውቃለች።

ሜዳ ሳይታጠር ለብዙ ነገር ሊያገለግል እንደሚችልም ለጂንካ ሰው ማስተማር አያስፈልግም። የቀድሞው የአውሮፕላን ማረፊያችን በከተማው መካከል የተዘረጋ የሣር ሜዳ ነበር። አውሮፕላን በሚመጣበት ሰዓት ከብቱና ሰው ይርቅለታል፤ አውሮፕላኑ ከሄደ በኋላ ከብት ይግጥበታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ ማታም ሰው ይንሸራሸርበታል። ከእኛ መካከል በዚያ ሜዳ ላይ ኳስ ሳይጫወት ያደገ ጥቂት ነው። ከተማችን ያለ መዝናኛ ገንዘብ መዝናኛ የነበራት በዚህ ምክንያት ነው።

ይህን ሁሉ በወረቀት ላይ ካሰፈርን በኋላ፣ ቦታውን ሳናይ መጻፍ አይገባም ብለን ወደ አርቦሬ ወረድን። የትምህርት ቤቱ መምህራን በደንብ ተቀበሉን። ከሰዓት በኋላ ፀሐዩ ሲበርድ፣ ከተማሪዎቹ ጋራ በዚያው ገላጣ መሬት ላይ ዘጠኝ ጉድጓድ ቆፈርን። ዱላው ጫፉ የጎበጠ የግራር እንጨት፣ ኳሱም በክር የተጠቀለለ የጨርቅ ኳስ ነበር። በአንዱ ጉድጓድ ፊት ሁለት ድንጋይ፣ በሌላው ፊት የወደቀ ግንድ፣ በሌላውም ፊት የጎርፍ ውሃ የቀደደው ቦይ መሰናክል ሆነልን። ሕጉን ለመንገር አምስት ደቂቃ እንኳ አልፈጀም። የስድስቱን ምት ሕግ ስንነግራቸው ልጆቹ ከሁሉ ይልቅ እርሱን ወደዱት፤ አንዱ ስድስት በደረሰ ቍጥር በአንድ ድምፅ «ሰባት!» እያሉ ያሳልፉት ጀመር።

ወዲያው ሰው መሰብሰብ ጀመረ። ከውሃ የምትመለስ አንዲት ሴት ጀሪካኗን አውርዳ ጥቂት ከተመለከተች በኋላ፣ ዱላውን ከልጇ እጅ ተቀብላ ኳሱን ገፋች፤ ኳሱም በግንዱ ጫፍ ዞሮ ጉድጓድ ገባ። ልጆቹ ጮኹ፤ እርሷ ግን ምንም እንዳልሠራች ሰው ጀሪካኗን አንሥታ መንገዷን ቀጠለች። እኛ አራት ጊዜ መትተን ያላስገባነው ጉድጓድ ነበር። የሴንት አንድሩስን ሴቶች ያን ጊዜ አስታወስናቸው።

ከግራር ጥላ ሥር ተቀምጠው ሲመለከቱን የነበሩ አንድ ሽማግሌ በመምህሩ አስተርጓሚነት ጠየቁን። «ይህ የልጆች ጨዋታ ነው፤ ጥሩ ነው፤ ልጆች ይጫወቱ። ነገር ግን ሽቦ ይመጣል ሲባል ሰምተናል። ሽቦው ሲመጣ ከብቶቻችን በየት በኩል ወደ ውሃ ይወርዳሉ?» እኛም፣ «አባታችን፣ እርሱን ለመጠየቅ ነው የመጣነው» አልናቸው። እርሳቸውም በበትራቸው ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ አንድ መስመር በአየር ላይ አሳዩን። መስመሩ በሦስተኛውና በስድስተኛው ጉድጓዳችን ላይ ያልፍ ነበር። ባልደረባችን ባቀረበው ሐሳብ ላይ ያለው ንድፍ ቦታውን «ባዶ መሬት» ይለዋል፤ እኛም ጂንካ ተቀምጠን ሳለ እንዲሁ መስሎን ነበር።

በዚያ ምሽት መምህራኑ ስለ 1985 ዓ.ም. አጫወቱን። በዚያ ዓመት በአርቦሬ ሸለቆ ብዙ የተጣሉ ጎረቤቶች ለእርቅ ተሰብስበው፣ ጠብ እንዲያበቃ ጦር ቀብረው ነበር። ይህ ጉባኤ በፊልም ጭምር ተቀርጾ ለታሪክ ቀርቷል። ያ ሁሉ ሕዝብ ከየአቅጣጫው መጥቶ ሊሰበሰብ የቻለው፣ ሸለቆው ለሚመጣ ሁሉ ክፍት ስለ ነበር ነው። አንድ ቦታ ለእርቅም፣ ለከብትም፣ ለጨዋታም የሚሆነው መግቢያው ካልተዘጋ ብቻ መሆኑን ከዚህ ተረዳን።

ወደ ጂንካ ተመልሰን ያቀረብነው አስተያየት በሦስት ነጥብ የተወሰነ ነው። መጀመሪያ፣ ትንሹ ጎልፍ ሊሳቅበት የሚገባ ነገር አይደለም፤ በጥቂት ወጪ ብዙ ሰው የሚያስደስት መዝናኛ መሆኑን ታሪኩ ያስረዳል፤ ስለዚህ ባልደረባችን ይህን በማሰቡ ሊመሰገን ይገባል። ሁለተኛ፣ ጨዋታው የተወደደው በውጭ የቀሩትን ስላስገባ ነው፤ የቦታውን ባለቤቶች አስወጥቶ ለሚያልፍ ሰው ብቻ ቢታጠር ግን የጨዋታውን ስም ይዞ ጠባዩን ያጣል። ሦስተኛ፣ ሜዳው የሚሠራ ከሆነ ከትምህርት ቤቱ ጎን፣ ያለ አጥር፣ ከአፈርና ከአካባቢው እንጨት ይሠራ፤ ጎብኚም ቢመጣ ከልጆቹ ጋራ ተራውን ጠብቆ ይጫወት፤ የሚከፍለውም ገንዘብ ለትምህርት ቤቱ ደብተርና እርሳስ ይዋል። የከብቱ መንገድ አይነካ።

አለቃችን አስተያየቱን አንብበው በኅዳጉ ላይ፣ «አጥሩ ይቅር፤ ሌላው ይታይ» ብለው መሩበት። ባልደረባችን በመጀመሪያ ቅር አለው፤ በኋላ ግን ንድፉን አውጥቶ የሽቦውን መስመር በላጲስ ሲያጠፋ አየነው። ሌላው እስካሁን በመታየት ላይ ነው፤ የመሥሪያ ቤት ነገር መቼም ይታወቃል።

እኛ ከዝናቡ ወራት በኋላ ለሌላ ሥራ እንደ ገና ወደ አርቦሬ ወርደን ነበር። የቆፈርናቸውን ጉድጓዶች ጎርፍ ያመጣው ደለል ደፍኗቸዋል ብለን ስናስብ፣ ልጆቹ ራሳቸው አዲስ ቆፍረው ሲጫወቱ አገኘናቸው። ብንቈጥራቸው ግን ሰባት ብቻ ናቸው። «ሁለቱን ስለ ምን ቀነሳችኋቸው?» ብለን ብንጠይቅ፣ ከመካከላቸው ትንሹ ልጅ በዱላው ወደ ምሥራቅ እያሳየን፣ «በዚያ በኩል ከብት ያልፋል፤ እግሩ ይሰበራል» አለን።